ዛጎሉ እስኪድን

ወልደአማኑኤል ፊቱ መዋሸት የማይችል ሰው ነበር። ይህን ታቦር ሰፈር ያለ ሁሉ ያውቃል። እድሩ መርዶ የሚነግሩ ሽማግሌዎች ሲመርጥ እሱን የሚጠራው የለም። አንድ ጊዜ ጠርተውት፣ ገና በአጥሩ በር ሲገባ የቤቱ እመቤት ፊቱን አይታ እሪ አለችና ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ ነገሩ አለቀ። ከዚያ ወዲህ የእድሩ ዳኛ ግዛቸው፣ አንተ ድንኳን ትከል እንጂ መርዶው ይቅርብህ ብሎት እንደዚያው ሆኖ ቆየ። እንግዲህ የእግዜርን ሥራ እዩ፤ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ተመርጦ የአንዲትን እናት መርዶ ሁለት ወር ሙሉ ፊቱ ላይ እንዲሸከም የተፈረደበት እሱው ነው።

አገሩ መንዝ ነው። አዋሳ የመጣው በ1962 ዓ.ም. በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላቦራቶሪ ረዳት ሆኖ ተቀጥሮ ነበር። ረዳት ይባል እንጂ ሥራው ጠርሙስ ማጠብ፣ እንቁራሪት ማጥመድ፣ ብርጭቆ የሰበረ ተማሪ ማሳደድና ከመምህራን ጋር መጨቃጨቅ ነበር። ቁጡ ነው። እጁን ሳይታጠብ ማይክሮስኮፕ የነካ ተማሪ ወየውለት። ነገር ግን አንድ ጸጋ አለው፤ ሊሞት የደረሰ ነገር እጁ ላይ ይተርፋል። ክንፉ የተሰበረ እርግብ፣ ክረምት የመታው ጫጩት፣ የጠወለገ የሎሚ ችግኝ፣ ሰው ተስፋ የቆረጠበትን ሁሉ ለእሱ ያመጣለታል። ሚስቱ እታፈራሁ በዚህ አንጀቷ እያረረ፣ ይኸ ሰውዬ ለእኔ ራስ ምታት አንድ ክኒን ገዝቶ አያውቅም፣ ለእንቁራሪት ግን ሐኪም ነው እያለች ለጎረቤት ታማዋለች። ልጅ አልወለዱም።

አልወለዱም እንጂ አንድ ልጅ ነበራቸው ማለት ይቻላል። በአንድ አጥር የምትዋሰናቸው ታቢታ የምትባል የከምባታ ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተ በኋላ በሹራብ መሥሪያ ማሽን የተማሪ ሹራብ እየሠራች አንድ ልጇን ያሳደገች፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ ወዲህ እንኳ ጸሎቷን በቤቷ ያላቋረጠች ጴንጤ ናት። ስሟን የሚጠራ ብዙ ሰው የለም፤ ለሰፈሩ «የማቴዎስ እናት» ናት። ይህ ማቴዎስ ከትምህርት ሲወጣ ከላቦራቶሪው አይጠፋም። ወልደአማኑኤል ሲቆጣ ሌላው ተማሪ ይንቀጠቀጣል፤ እሱ ይስቃል። ወልደአማኑኤልም ያን ሳቅ ለመስማት ሲል ያለ ጥፋት የሚቆጣበት ጊዜ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ክረምት ማቴዎስ አርባ ምንጭ አጎቱ ዘንድ ከርሞ ሲመለስ፣ ከዓባያ ሐይቅ ዳር ያገኘውን አንድ ዛጎል በጀሪካን ውሃ ይዞ መጣ። ዛጎል ሲባል ለአንገት የሚንጠለጠለው ባዶ ቅርፊት አይደለም፤ ነፍስ ያለው ነው። መጠኑ መዳፍ ያህላል። ሁለት ጥቁር ቡናማ ክዳን እንደ መጽሐፍ በአንድ ጎኑ ተጋጥሞ በመካከሉ ነጭ ሥጋ አለ። ደህና ሲሆን ክዳኑን በስሱ ከፍቶ ውሃ ያስገባል፣ ሲነኩት ይዘጋል፣ አልፎ አልፎም እንደ ምላስ ያለ እግር አውጥቶ አሸዋው ላይ ይጎተታል። በቃ፣ ሌላ ሙያ የለውም። ማቴዎስ ግን ወደደው። የመስኮት መስታወት በአንጎላሬ ብረት አገጣጥሞ የውሃ ሣጥን ሠራለትና እናቱ ሳሎን ውስጥ ከሹራብ ማሽኑ ጎን አስቀመጠው። የሰፈሩ ሰው ሊያይ መጣ። ግዛቸው ለብዙ ጊዜ ሲያፈጥበት ቆይቶ፣ ይበላል ወይ ብሎ ጠየቀ።

በዓመቱ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ሲመጣ የማቴዎስ ስም ከቀበሌው ዝርዝር ውስጥ ተገኘ። መኪናው የሚነሣ ዕለት እናቱ አንገቱን አልለቅም ብላ ስታስቸግር፣ ልጅ አይደል፣ እሷን ለማረጋጋት አንድ ነገር ማለት ነበረበት። «እማዬ፣ ዛጎሌን አደራ። እኔ እስክመጣ እንዳይሞትብኝ» አላት። አሳቃት፤ አንገቱንም ለቀቀችው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ነው። እሱ ለቀልድ የተናገረውን እሷ እንደ ቃል ኪዳን ያዘችው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይላል ሰው፤ ለታቢታ ግን ሰማዩም ያን ያህል ሩቅ አልነበረም፤ ማታ ማታ ስትጸልይ የልጇንና የዛጎሉን ስም አከታትላ ነበር የምትጠራው።

ሁለት ዓመት ደብዳቤ ሲመጣ ቆየ። ማቴዎስ ከየትም ይጻፍ ከየት፣ መጨረሻው ላይ «ዛጎሌ እንዴት ነው?» ሳይል አይዘጋም። ከየካቲት 1980 ወዲህ ግን ደብዳቤው ቆመ። ታቢታ፣ ፖስታው ነው የዘገየው ትላለች። ሰው ሁሉ፣ አዎ ፖስታው ነው ይላታል። የሰሜኑን ወሬ በሹክሹክታ የሰማ ግን ዓይኗን አያይም።

በግንቦት ደም ብዛቷ ተነሥቶ፣ ልቧም አላስተማምን ብሎ ሆስፒታል ተኛች። ሦስት ሳምንት ነው የቆየችው። አብረዋት የሚጸልዩ እህቶች ስትወጣ ደስ ይበላት ብለው ቤቷን ከጣሪያ እስከ ወለል አጸዱላት። መጋረጃው ታጠበ፣ ምንጣፉ ተራገፈ። ያን አረንጓዴ ውሃ የሞላ መስታወትም ሲያዩት አንጀታቸው አልቻለም። ዛጎሉን በሳህን አውጥተው፣ አሸዋውን በሳሙና አጥበው፣ መስታወቱን በበረኪና ፈትገው፣ ኩልል ያለ የቧንቧ ውሃ ሞልተው መለሱት። እንዲህ ያለ ጥፋት የሚያጠፋ ፍቅር ብቻ ነው። አረንጓዴው ነገር ምግቡ መሆኑን ማን ይንገራቸው?

ታቢታ ከሆስፒታል ስትገባ ዛጎሉ በጎኑ ወድቆ አፉን ከፍቷል። ብትነካው አይዘጋም። ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ወልደአማኑኤልን አስጠራች። መጥቶ ገና ውሃውን ሲያሸት ደሙ ፈላ፤ ማን ነው በረኪና ያስነካው ብሎ አምባረቀ። ሴቶቹ ተያዩ። ታቢታ ግን እነሱን አልሰማችም፣ ቁጣውንም አልሰማችም።

«አደራ በላ ሆንኩ፣ ጋሼ ወልደአማኑኤል» አለች። «ልጄ ሲመጣ ምን እለዋለሁ?»

ወልደአማኑኤል እጁን አስገብቶ በስንደዶ ጫፍ ሥጋውን ነካ አደረገው። ቆየ፣ ቆየና ክዳኑ የፀጉር ስፋት ያህል ተንቀሳቀሰ። አልሞተም። ማቴዎስ ሳይመጣ ይድናል አላት። በልቡም እንዲያ ነበር ያመነው፤ ፊቱም መሰከረለት፤ እሷም ተጽናናች።

በዚያው ሳምንት የጎረቤታቸው የብዙነሽ ልጅ ሽበሺ በክራንች ተደግፎ፣ አንድ እግሩን አፍአበት ትቶ ወደ ሰፈር ገባ። እሱና ማቴዎስ በአንድ መኪና የሄዱ ልጆች ናቸው። በማግሥቱ ግዛቸው ቤት ተጠርቶ አራት ሽማግሌዎችና ወልደአማኑኤል ባሉበት ተናገረ። ወልደአማኑኤልን የጠሩት ለልጁ ያለውን ፍቅር ስለሚያውቁ፣ በኋላ ከሰው አፍ ከሚሰማ ብለው ነው። ሽበሺ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሣ፣ መጋቢት ላይ ነው፣ እጄ ላይ ነው ያለፈው፣ አፈር ያለበስኩት እኔ ነኝ አለ። ሌላ አልጨመረም። የጨመረ እንኳ ቢሆን ወልደአማኑኤል አልሰማውም፤ ጆሮው ውስጥ የነበረው ያ ሳቅ ነው።

አለቀሱ። ድምፅ ግን አላወጡም፤ በዚያ ዘመን መንግሥት ሞተ ብሎ ላልተናገረው ወታደር ማልቀስ የጠላት ወሬ መንዛት ተብሎ ያስጠይቃል። እንባቸውን ከጠረጉ በኋላ የእናትየው ነገር ተነሣ። ሐኪሙ ቢያንስ ሁለት ወር የሚያስደነግጥ ነገር እንዳታሰሟት ብሎ አስጠንቅቋል። ግዛቸው ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ጢሙን እየዳበሰ አሰበና ፍርዱን ሰጠ።

«ሁለት ሐዘን በአንድ ልብ አይጫንም። ያ ፍጥረት ከሞተባት፣ አደራዬን በላሁ ብላ እሷም ትከተላለች። ወልደአማኑኤል፣ አንተ መጀመሪያ እሱን አድንልን። እሱ የዳነ ቀን እሷም ቀና ትላለች፤ ያን ጊዜ እንነግራታለን።»

ሁሉም ተስማሙ። ጥሩ ፍርድ ነበር፤ ወልደአማኑኤልም ራሱን ነቅንቆ ወጣ። ገና ወደ ቤቱ ሲያዘግም ነው የተሰጠው ሥራ ምን እንደሆነ የገባው። ዛጎሉ በተሻለው ቁጥር የማቴዎስ መርዶ በአንድ ቀን ይቀርባል። ለእታፈራሁ ነገራት። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰችና፣ ቀና ብላ ባሏን አየችው።

«ፊትህንስ ምን ልታደርገው ነው?» አለችው።

መላውን እዚያው አገኘው። ታቢታ ቤት ሲገባ ሰላም እንዳለ ወዲያው ጎንበስ ብሎ ፊቱን ወደ ውሃው ያዞራል፤ ከዚያ የሚያወራው ሁሉ ከመስታወቱ ጋር ነው። ዓይኑ ሲቀላ ውሃው ነው፣ ድምፁ ሲሰበር ማጎንበሱ ነው። እሷም ሥራው ላይ ያለ ሰው ነው ብላ አትቀየመውም። ሁለት ወር ሙሉ አንዲት ጊዜ እንኳ ፊት ለፊት አላያትም።

ሥራውን ግን በደንብ ሠራ። ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት በብስክሌት ወደ አሞራ ገደል ወርዶ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ከሚቆሙበት ራቅ ካለው ቦታ አንድ ጀሪካን የሐይቅ ውሃ ይቀዳል። ውሃውን በነጠላ ያጠልለዋል፣ አንድ ቀን ያሳድረዋል። አሸዋውን ከሐይቁ ዳር አምጥቶ ሳሙና ሳያስነካ ዘረጋለት። ታቢታ ሆስፒታል ሳለች የተሰካላት የግሉኮስ ቱቦ አብሯት ቤት መጥቶ ነበር፤ ያንን ከአንድ ባልዲ ጋር አያይዞ ከመስታወቱ በላይ ሰቀለውና ውሃው ጠብ ጠብ እያለ አየር ይዞ እንዲወርድ አደረገ። ታቢታ ይህን ስታይ፣ አሁንስ ደህና ሐኪም አገኘ ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ምግቡን ደግሞ እቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አዘጋጀ። ሦስት ጠርሙስ የሐይቅ ውሃ በፀሐይ አስቀምጦ፣ ጥቂት ፍግ ጨምሮ፣ ውሃው እንደ ጎመን እስኪያረነጉድ ይጠብቃል። ክረምት ነው፤ ፀሐይ ስስት ይዟታል። ደመናው ሲገለጥ እታፈራሁ እየሮጠች ጠርሙሶቹን ታዞርለታለች። ያን አረንጓዴ ውሃ በዓይን መድኃኒት ማንጠባጠቢያ ጠብታ በጠብታ ከዛጎሉ አፍ አጠገብ ይለቅለታል፤ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ታቢታ በዚያ ግማሽ ሰዓት ስለ ልጇ ታወራለች። ሲመለስ ላቦራቶሪው ውስጥ ሥራ እንዲፈልግለት ትለምነዋለች። የሚያገባትንም ልጅ በልቧ መርጣለታለች፤ ከወዲያ ማዶ ያለች የመምህር ልጅ ናት። ወልደአማኑኤል ለውሃው፣ ጥሩ ልጅ ናት ይላል።

ሐምሌ ሲጋመስ ዛጎሉ ሲነኩት መዝጋት ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ከወደቀበት ጎኑ ተነሥቶ አሸዋው ውስጥ በከፊል ቆመ። ወልደአማኑኤል ይህን ያየ ዕለት ልቡ በደስታ ዘለለና ወዲያው መርዶው እንደቀረበ ትዝ አለው። በመንገድ ላይ ግዛቸው አግኝቶት እንዴት ነው ብሎ ሲጠይቀው፣ ገና ነው አለው። ለሽማግሌዎቹም ገና ነው አላቸው። ፊቱ እንደማይዋሽ የሚያውቁት ሁሉ አመኑት፤ ምክንያቱም ፊቱ ላይ ያለው ሐዘን እውነተኛ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ለእታፈራሁም አልነገራትም። አንድ ሳምንት ሙሉ አረንጓዴውን ውሃ ሳያመጣ፣ በማንጠባጠቢያው ንጹሕ ውሃ እየሞላ ጠብ ያደርግለት ጀመር። መመገብ አስመስሎ አስራበው። ሊገድለው አልፈለገም፤ እጁ እንዲያ አልተፈጠረም። እንዲዘገይለት ብቻ ነው የፈለገው። አንድ ሳምንት፣ ቢቻል አንድ ወር፣ ሴትየዋ የመምህሩን ልጅ ለልጇ ስትድር ትቆይ። ዕድሜ ልኩን የታመመ ነገር ሲያነሣ የኖረ ሰው፣ የዳነውን መልሶ ሊያሳምም ተቀመጠ። ራሱን ጠላ። ምግብ አልበላ አለው። ዛጎሉ በስድስተኛው ቀን እንደገና ማዘንበል ጀመረ።

በሰባተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዱ ሳይጠራ ገባ። ታቢታ ከመስታወቱ ፊት ተንበርክካ ነበር። አላየችውም። ሐኪሙ ዝቅ ብለሽ እንዳትነሺ ያላት ሴት ግንባሯን ከመስታወቱ አስጠግታ ስትጸልይ ሰማት። ለራሷ አይደለም፣ ለልጇም አይደለም። «ጋሼ ወልደአማኑኤልን አበርታልኝ» ትላለች። «ትከሻው ወድቋል፣ ከስቷል። ስለዚህ ነገር ብሎ እሱ እንዳይታመምብኝ። ጌታ ሆይ፣ ድካሙን ቁጠርለት።»

ወልደአማኑኤል ኮቴውን አጥፍቶ ወጣ። እቤቱ ደርሶ መሰላል ላይ ወጥቶ ጠርሙሶቹ አጠገብ፣ እርጥቡ ቆርቆሮ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ከዚያ አረንጓዴውን ውሃ ይዞ ተመልሶ ሄደና ዛጎሉን እስኪጠግብ መገበው።

ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን፣ ጠዋት፣ ታቢታ እልልታዋን አቀለጠችው። ወልደአማኑኤል አጥሩን በአንድ እርምጃ ነው የዘለለው። ዛጎሉ በእግሩ ሄዶ ነበር። ከመስታወቱ አንድ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ አሸዋው ላይ ጣት የሚያስገባ መስመር አስምሮ፣ ጫፉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ክዳኑን በስሱ ከፍቶ ውሃ ይጠጣል። እንዲህ አምሮበት እነሱም አይተውት አያውቁም። ታቢታ የወልደአማኑኤልን ሁለት እጅ ይዛ ሳመች። ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥታ ሰጠችው። ንባብ እንጂ ጽሕፈቱ ብዙም አይሆንላትም፤ የማቴዎስን ደብዳቤ ሁሌም የሚጽፍላት እሱ ነው።

«ዛሬውኑ ይድረሰው» አለችው። «ከጻፈ ስድስት ወር ሆኖታል፤ ይህን ሲሰማ ግን ሳይጽፍ አይቀርም።»

ምን ያድርግ? ጀርባውን ሰጥቷት፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ። ቃል በቃል ያለችውን ነው የጻፈው። ጽፎ ጨርሶ አነበበላት፣ አጠፈው፣ ኮቱ ውስጥ ከተተው። ፖስታ ቤት ፒያሳ ነው። እስከዚያ ድረስ በብስክሌት ሄደ፤ ሣጥኑ ፊት ቆመ፤ ተመልሶ መጣ።

እሱ ሲመለስ ታቢታ ሰፈሩን አዳርሳለች። ከሆስፒታል ከገባች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከበሯ ወጥታ፣ አንድ በአንድ በየቤቱ እየገባች፣ የልጄ አደራ ዳነልኝ፣ ኑና እዩት ብላለች። ብዙነሽ ቤትም ገብታለች፤ ሽበሺ ክራንቹን ይዞ በጓሮ በር ወጥቶ ሸሽቷታል። ግዛቸው ቤት ስትደርስ ግዛቸው ራሱ በሩን ከፈተላት። እንኳን ደስ አለሽ አላት። ፊቱ የሚታዘዝለት ሰው ነው። ከዚያ በሩን ዘግቶ ከውስጥ ብዙ ቆየና ለሽማግሌዎቹ ላከባቸው። ወልደአማኑኤል ሌላ አንድ ሳምንት ለመናቸው። ግዛቸው፣ ከእንግዲህ የምናስቆያት ለእሷ ብለን ሳይሆን ለራሳችን ብለን ነው አለው። በዚህ ጊዜ አንተም ትመጣለህ አሉት።

በማግሥቱ ሊነጋጋ ሲል ሄዱ። ስድስት ሆነው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከኋላ እታፈራሁና ብዙነሽ። ወልደአማኑኤል መጨረሻ ነበር፤ ፊቱን የሚያዞርበት ውሃ ግን በዚያች ሰዓት አልነበረውም። ታቢታ በሩን ከፍታ ያን ሁሉ ሰው ስታይ ቀለሟ ተለወጠ። ዓይኗ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄዶ እሱ ላይ አረፈ። ሁለት ወር ያላየችውን ፊት አየችው። ወዲያው ዘወር ብላ ወደ መስታወቱ ሮጠች።

«ደህና ነው እኮ» አለች። «ኑ እዩት፣ ደህና ነው። አሁን ሲሄድ ነበር፤ ምንም አልሆነም።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ግዛቸው ባርኔጣውን አወለቀ። ሌሎቹም አንድ በአንድ አወለቁ። ታቢታ አንድ እጇ መስታወቱ ላይ እንዳለ አያቸው፤ ከዚያ ቁልቁል ሄደች። እታፈራሁ ደርሳ ባትይዛት ወለሉ ይቀበላት ነበር።

ልቧ አልቆመም። ሐኪሙም ግዛቸውም ልክ ነበሩ፤ ሰውነቷ ቻለው። ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ ጴንጤዎቹ በመዝሙር ኦርቶዶክሶቹ በሙሾ፣ ቀበሌውን የፈራ በቀስታ ያልፈራ በጩኸት አለቀሰላት። ሳሎኑ ለለቀስተኛ እንዲበቃ ዕቃው ሲወጣ ሁለት ጎረምሶች የመስታወት ሣጥኑን ብድግ አድርገው ደጅ አወጡትና ውሃውን ሊደፉት አዘነበሉት። ወልደአማኑኤል ድንኳን ከሚተክልበት ችንካሩን ጥሎ ጮኸባቸው፤ በልቅሶ ቤት እንዲያ ሲጮህ ሰው አይቶትም አያውቅ። ነጥቋቸው ወደ ራሱ ቤት ወሰደው። አንድ ሳምንት እዚያ ቆየ።

በስምንተኛው ቀን ለቀስተኛው ሲቀንስ፣ ያን ነገር አምጡልኝ ብላ ላከችበት። ተሸክሞ ገባና በቦታው፣ ከሹራብ ማሽኑ ጎን አስቀመጠው። ታቢታ ወለሉ ላይ ፍራሽ ላይ ነበረች። ድምጿ አልቆ ነበር። ከሰዎቹ መካከል እሷን የሚጠራበት ስም የቸገረው አንድ ሰው አልጠፋም፤ «የማቴዎስ እናት» ብሎ ይጀምርና ያቆማል። ወልደአማኑኤል ምንም ብሎ ሳይጠራት ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። በዚህ ጊዜ አላጎነበሰም።

«ደብዳቤውን ሲጽፉልኝ ያውቁ ነበር?» አለችው።

«አውቅ ነበር።»

«ላኩት?»

ከኮቱ ኪስ አወጣው። ወረቀቱ ተጨማዶ ነበር። ያንብቡልኝ አለችው። እምቢ ሊላት አልቻለም፤ አነበበላት። «ይድረስ ለልጄ ለማቴዎስ። ዛጎልህ ታሞ ነበር፣ አልነገርኩህም። አሁን ግን ድኗል፤ በእግሩ ሄዷል። ጋሼ ወልደአማኑኤል ነው ያዳነልህ፤ ስትመጣ እጁን ትስማለህ። እኔ አደራህን ጠብቄአለሁ፤ አንተ ደግሞ ለእኔ ራስህን ጠብቅልኝ።» እዚህ ሲደርስ ድምፁ ተቋረጠ። የቀረው ፊርማዋ ብቻ ነበር።

እታፈራሁ ሁሉንም፣ የግዛቸውን ፍርድም ጭምር ነግራት ነበርና የምትጠይቀው ነገር አልነበራትም።

«ምነው ባያድኑት ኖሮ፣ ጋሼ ወልደአማኑኤል» አለች። «እስከ ዛሬ ልጄ ይኖርልኝ ነበር።»

«ሞክሬ ነበር» አላት። «አንድ ሳምንት አስርቤው ነበር። አልቻልኩም።»

ታቢታ ቀና ብላ አየችው። ምን ልታደርግ እንደሆነ አላወቀም፤ ብትረግመውም ይገባኛል ብሎ ተቀምጦ ነበር። እሷ ግን ዓይኗን ከእሱ አንሥታ ወደ መስታወቱ ወሰደች። ዛጎሉ ከመንገዱ ደክሞ ክዳኑን ገጥሞ ተኝቷል።

«ዛሬ በልቷል?»

«አልበላም።»

«ይስጡት» አለች። «እሱ ምን አጠፋ?»

ወልደአማኑኤል ተነሥቶ ወደ ቤቱ ሄደና ጣሪያው ላይ ከነበሩት ጠርሙሶች አንዱን ይዞ መጣ። ማንጠባጠቢያውን ሞልቶ ከዛጎሉ አፍ አጠገብ ጠብታ በጠብታ ይለቅለት ጀመር። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። በዚያ ግማሽ ሰዓት ታቢታ ምንም አላወራችም።